ብሮውዘሩ ደጋግሞ ሲዘጋ፦ ኮምፒውተሩን «ፎርማት» ከማስደረግ በፊት መንስኤውን መለየት

ሐዋሳ፦ ታላቅ እህቴ የግብርና ልማት ባለሙያ ናት። በቅርቡ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የማመልከቻ ቅጽ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ትሞላ ነበር። ቅጹ የሚሞላው በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን፣ የምትሞላውም ታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ባለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቅጹን አጋምሳ ሳለ ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ በተለምዶ ብሮውዘር የምንለው፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ተዘጋ። እንደገና ከፈተችው፤ እንደገና ተዘጋ። በዚያች ምሽት ይኸው አምስት ጊዜ ተደጋገመ። በየጊዜው የጻፈችው ይጠፋል፣ ቅጹም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ማመልከቻ መቀበያው ሊዘጋ የቀረው አራት ቀን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ምክር የጠየቅንበት የጥገና ቤት ኮምፒውተሩን ሳያየው «ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል መልስ ሰጠን። ፎርማት ማድረግ ማለት ዊንዶውስ የተጫነበትን የሃርድ ዲስክ ክፍል ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። እህቴ አልተስማማችም፤ አለመስማማቷም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት በተመሳሳይ ምክር ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ፣ በምትሠራባቸው ቀበሌዎች ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ማሳ ለማሳ ዞራ የመዘገበችው ሰነድ አብሮ ጠፍቷል። ከጥፋት የተረፉት የአማርኛ ጽሑፎችም ሲከፈቱ ፊደላቸው ወደ ማይነበብ የላቲን ምልክት ተለውጦ ተገኘ። ጽሑፎቹ የተጻፉት በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ፎንት ነበርና ፎንቱ ከኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚያነባቸው ነገር አልቀረም።

ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው የገጠር ጉዳዮች ዘጋቢ እንጂ የኮምፒውተር መሐንዲስ አይደለሁም። በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ግን ስለ ዕፅዋት በሽታ የተማርኩት አንድ ነገር በዚህ ጉዳይ ረድቶኛል። የእንሰት ቅጠል ሲጠወልግ መንስኤው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩን የሚመጥ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ ፍልፈል ወይም ድርቅም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ለሚመለከተው ሁሉም ያው መጠውለግ ነው። በባክቴሪያው የተያዘው ሲቆረጥ ቢጫ ቀመስ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፣ ሌሎቹ አያወጡም። ባለሙያ ተክሉን ነቅሎ ከመጣሉ በፊት ቆርጦ ያያል። በብሮውዘር መዘጋትም የምንታዘበው አንድ ምልክት ሲሆን መንስኤዎቹ ግን ብዙ ናቸው፤ ፎርማት ደግሞ ማሳውን በሙሉ የመንቀል ያህል ነው።

የተዘጋው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ተዘጋ» ስንል በትክክል ምን እንደተዘጋ ማወቅ ነው። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ የሚከፈቱ ገጾችን በተለያዩ የሥራ ሂደቶች ከፋፍሎ እንዲያንቀሳቅስ ሆኖ የተሠራ ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ገጽ ብቻ ሊወድቅ፣ ሌሎቹ ግን ሥራቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። አንድ ታብ ብቻ ወድቆ ያዘነ ፊት የተሳለበት ገጽ ከታየ ጥርጣሬው ወደዚያ ድረ ገጽ ወይም ወደ ሜሞሪ እጥረት ያዘነብላል። መላው ብሮውዘር ከነመስኮቱ ከጠፋ ኤክስቴንሽን፣ የተበላሸ የተጠቃሚ ፕሮፋይል፣ ከብሮውዘሩ ጋር የተጋጨ ሌላ ፕሮግራም ወይም የስክሪን ካርድ ድራይቨር ይጠረጠራል። ኮምፒውተሩ ራሱ ደርቆ ከቀረ ወይም ጠፍቶ ከተነሣ ግን ብሮውዘሩን መወንጀል አይገባም፤ ሙቀት፣ የራም ብልሽት ወይም የኃይል አቅርቦት ይመረመራል።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አራተኛ ሁኔታ አለ። ገጹ አልከፈት ይላል እንጂ ብሮውዘሩ አይዘጋም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ዕለት ብዙዎች ኮምፒውተራቸው የተበላሸ ይመስላቸዋል። በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ሲገባበት የተጨናነቀ ድረ ገጽ በየትኛውም ኮምፒውተር ቢሞከር ያው ነው፤ ሌላ ገጽ ከፍቶ ማየት ልዩነቱን ያሳያል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ችግሩ መቼ እንደጀመረ ነው። ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆን መዝገብ አለው፤ ብዙ ተጠቃሚ ግን መኖሩን አያውቅም። በመፈለጊያው ሳጥን ሪላያቢሊቲ ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ቪው ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» የሚል አማራጭ ይመጣል። ሲከፈት እንደ ቀን መቁጠሪያ የተደረደረ ሰንጠረዥ ይታያል፤ ፕሮግራም በወደቀበት ቀን ላይ ቀይ ምልክት ያርፋል። ምልክቱን ሲጫኑት የወደቀው ፕሮግራም ስም ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሲወድቅ በሥራ ላይ የነበረው የፋይል ስም አብሮ ይጻፋል። ያ ፋይል የጸረ ቫይረሱ ወይም የስክሪን ካርዱ ከሆነ ፍንጭ ተገኘ ማለት ነው። በእኛ ሰንጠረዥ ላይ ቀይ ምልክቶቹ ከአንድ ቅዳሜ ጀምሮ ተከታትለው ተደርድረው አገኘናቸው፤ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ምንም አልነበረም። በዚያ ዕለት ኮምፒውተሩን ማን እንደነካው ስንጠይቅ ታናሽ ወንድማችን ቪዲዮ ማውረጃ እንደጫነ ነገረን።

አንድ በአንድ መሞከር

ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። በሙከራ ማሳ ላይ ዘሩንም፣ ማዳበሪያውንም፣ የመዝሪያ ጊዜውንም በአንድ ዓመት የቀየረ ሰው ምርቱ ቢጨምር ምክንያቱን ሊያውቅ አይችልም። በኮምፒውተርም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ማየት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ያስፈልጋል።

ቀላሉ ሙከራ ኢንኮግኒቶ የሚባለው መስኮት ነው። በክሮም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን በአንድ ላይ ሲጫኑ ይከፈታል። በዚህ መስኮት ተጠቃሚው ለይቶ ካልፈቀደላቸው በስተቀር ኤክስቴንሽኖች አይሠሩም። ይሁን እንጂ መደበኛው መስኮት ከጀርባ ክፍት ከሆነ ኤክስቴንሽኖቹ በዚያ ስለሚቀጥሉ እርሱን መዝጋት ይገባል። ፋየርፎክስ የሚጠቀሙ ደግሞ በእገዛ ምናሌው ውስጥ «ትራብልሹት ሞድ» የሚለውን ቢመርጡ ኤክስቴንሽኖች ሁሉ ለጊዜው ጠፍተው ይነሣል። በዚህ ሁኔታ ለአንድ ሰዓት ያህል የተለመደውን ሥራ ሠርቶ ብሮውዘሩ ካልተዘጋ መንስኤው ከኤክስቴንሽኖቹ አንዱ፣ ካልሆነም በመደበኛው ፕሮፋይል ውስጥ የተከማቸ ነገር ነው። እኛም ሞከርነው፤ አልተዘጋም።

ከዚያ በኋላ ኤክስቴንሽኖቹን ሁሉ አጥፍቶ አንድ በአንድ እያበሩ መጠበቅ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ክሮም የራሱ የሆነ ታስክ ማናጀር ስላለውም፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ሲጫኑ እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ በዝርዝር ያሳያል። ቪዲዮ ማውረጃው ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተቀምጦ፣ እኛ እየተመለከትነው ቁጥሩ ይጨምር ነበር። ከኮምፒውተሩ አስወገድነው።

ኤክስቴንሽን በማጥፋት ያልተፈታ ችግር ሲያጋጥም አዲስ ፕሮፋይል ፈጥሮ በእርሱ መሞከር ይቻላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ብሮውዘሩ እየጻፈበት የነበረው ፋይል በከፊል ተጽፎ ሊቀር ይችላልና፣ የኃይል መቆራረጥ በለመደው ከተማችን የፕሮፋይል መበላሸት ሊደንቀን አይገባም። አዲሱ ፕሮፋይል ያለ ችግር ከሠራ አሮጌው ታሟል። የታሪክና የካሽ ማጽጃውን በኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት ከፍቶ «ካሽድ ኢሜጅስ ኤንድ ፋይልስ» የሚለውን ብቻ መርጦ ማጥፋትም አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚያጠፋውን ምርጫ ግን አለመንካት ይበጃል።

ጸረ ቫይረስም የመንስኤዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መግለጫ፣ በክሮም ውስጥ የራሳቸውን ኮድ የሚያስገቡ ፕሮግራሞች ያሏቸው የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የመዝጋት ችግር የሚገጥማቸው ከሌሎቹ 15 በመቶ በበለጠ መሆኑን አስታውቋል። እንዲህ ካሉት ፕሮግራሞች መካከል ጸረ ቫይረሶች ይገኙበታል። በየቤቱ ሁለትና ሦስት ጸረ ቫይረስ ደራርቦ መጫን ጥበቃ የሚጨምር ይመስላል፤ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ እንጂ አይደጋገፉም። ዊንዶውስ 10 የራሱ መከላከያ አብሮት አለ። ሌላ ከተፈለገም አንድ ይበቃል።

ይህ ማለት ቫይረስ ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። በከተማችን ፍላሽ ዲስክ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት ይዞራል። የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ከማሳ ወደ ማሳ ከሚዛመትባቸው መንገዶች ዋነኛው የታመመ ተክል የቆረጠ ቢላዋ ነው፤ ለዚህም ነው ቢላዋው በእሳት ይለብለብ የሚባለው። ፍላሽ ሲሰካም ከመክፈት በፊት በጸረ ቫይረስ መፈተሽ ተመሳሳይ ልማድ ነው። ያላወቅነው መነሻ ገጽ ወይም ያልጫንነው መፈለጊያ በብሮውዘሩ ላይ ከታየ መዘጋቱም ከዚያው ሊመጣ ይችላል።

ቦታ ያጣ ኮምፒውተር

የቪዲዮ ማውረጃው ከተወገደ በኋላ ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ቀን ማታ እህቴ የትምህርት ማስረጃዎቿን ስካን አድርጋ ወደ ቅጹ ስታስገባ ብሮውዘሩ ዳግም ተዘጋ። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠን ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ነበር የቀረው።

ኮምፒውተራችን ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ሲሆን 4 ጊጋባይት ራም አለው። ዊንዶውስ ራሱ ከዚህ ጉልህ ድርሻ ይወስዳል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተወሰነውን ወደ ሃርድ ዲስክ እያዛወረ ይሠራል፤ ማዛወሪያው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሲ በሚባለው ክፍል ሲሆን እንደ አስፈላጊነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ሲ ከሞላ ግን መስፋት አይችልም። ብሮውዘሩ ቦታ ሲጠይቅ ቦታ ያጣል፣ ይወድቃል። የሲን ክፍል ስናየው ከ1 ጊጋባይት ያነሰ ቦታ ነበር የቀረው። ምክንያቱም በዓይናችን ፊት ነበር፤ ዴስክቶፑ በፊልሞች ተሸፍኗል። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ፋይል በሙሉ የሚቀመጠው ሲ ውስጥ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይልም። የወንድማችን ማውረጃ ሜሞሪውን ሲበላ፣ ያወረዳቸው ፊልሞች ደግሞ ማዛወሪያውን አጥበውት ነበር። አንዱን ብቻ ማስወገድ ያልበቃውም ለዚህ ነው። ፊልሞቹን ዲ ወደሚባለው ክፍል አዛወርን፣ በ«ዲስክ ክሊን አፕ» አላስፈላጊ ፋይሎችን ጠረግን፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሣን።

ራም መጨመር የሚያስቡ አንድ ነገር አስቀድመው ይመልከቱ። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋባይት ቢገባለትም ከ4 በላይ አይጠቀምም። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በኮምፒውተሩ መረጃ ገጽ ላይ 32 ይሁን 64 ማየት ይቻላል። ራም ሳይጨምሩም ቢሆን የማይፈለጉ ታቦችን መዝጋት፣ በአዳዲስ የክሮም ስሪቶች ላይ ያለውን «ሜሞሪ ሴቨር» ማብራት ጫናውን ያቃልላል።

ቪዲዮ ሲከፈት ወይም ገጹ ወደ ታች ሲንሸራተት ብቻ የሚዘጋ፣ ስክሪኑንም የሚያጠቁር ብሮውዘር ሌላ መንስኤ አለው። ብሮውዘሮች ሥዕልና ቪዲዮን ለማሳየት የስክሪን ካርዱን ያግዙናል ብለው ይጠቀሙበታል፤ የካርዱ ድራይቨር ካረጀ እገዛው ወደ እንቅፋት ይለወጣል። በክሮም «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም» ከሚለው ሥር «ግራፊክስ አክሰለሬሽን» የሚለውን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሙከራ ነው። ችግሩ በዚያ ከቆመ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ ማሳደስ ይቻላል።

ስለ ዕድሜ ከተነሣ፣ በየቤቱና በየኢንተርኔት ካፌው ዊንዶውስ 7 ዛሬም አለ። ማይክሮሶፍት ለእርሱ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። በ2023 መጀመሪያ የወጣው ክሮም 109 በዊንዶውስ 7 እና 8 ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ስሪት ሆነ። ሞዚላ በበኩሉ ለእነዚህ አሮጌ ሥርዓቶች የፋየርፎክስ 115ን የረጅም ጊዜ ስሪት ከተለመደው በላይ እያደሰ ቆይቷል፤ ስለዚህ ዊንዶውስ 7ን ለመቀየር አቅም ያጣ ሰው ከክሮም 109 ይልቅ ፋየርፎክስን ቢሞክር የተሻለ ነው። አዳዲስ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን አሮጌ ብሮውዘር ስለማያሟላ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ብልሽት ሳይሆን እርጅና ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ቤቶች የኮምፒውተሩን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞሉታል፤ ሌሎች ኮምፒውተሮች ደግሞ የሰዓት ባትሪያቸው አልቆ በበሩ ቁጥር ወደ አሮጌ ዓመት ይመለሳሉ። ደኅንነታቸው የተጠበቀ ድረ ገጾች የሚያገለግሉበት ጊዜ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ ወረቀቱ ገና ያልተጀመረ ሆኖ ስለሚታየው ገጹን አልከፍትም ይላል። ይህ መዘጋት ባይሆንም ባለቤቱ «ኢንተርኔቱ ተበላሸ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። መፍትሔው ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማስተካከል፣ ባትሪው ካለቀም ሲአር 2032 የሚባለውን ክብ ባትሪ መቀየር ነው።

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ተሞክረው ካልሠሩ፣ በተለይም ከብሮውዘሩ ሌላ ያሉ ፕሮግራሞችም የሚዘጉ ከሆነ፣ ራሙ ይፈተሽ። «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ መፈተሻ ነው፤ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ይመረምራል፣ ስሕተት ካገኘም ያሳውቃል። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባለቤት ገመዱን ነቅሎ፣ እጁን ብረት አስነክቶ፣ ራሙን አውጥቶ የመዳብ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብሎ ቢጠርግ ብዙ ጊዜ ለውጥ ያያል። የበጋው አቧራ የፋኑን ትንፋሽ ሲዘጋም ኮምፒውተሩ ይግላል፤ በብሩሽ ማጽዳት ነው።

ፎርማት የማይቀርበት ጊዜም አለ። ያኔ ለባለሙያው ከመስጠት በፊት በዴስክቶፕ፣ በዶክመንትስና በዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ የብሮውዘሩን ቡክማርኮችና የይለፍ ቃሎች «ኤክስፖርት» ማድረግ፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያለው ሰው ደግሞ የፎንት ፋይሎቹን አብሮ መያዝ ይኖርበታል። ለባለሙያውም «ይዘጋብኛል» ከማለት ይልቅ ምን እንደሚዘጋ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲሠራ እንደሚዘጋ፣ ምን ምን እንደተሞከረ በወረቀት ጽፎ መስጠት ሥራውን ያሳጥርለታል።

ረጅም ቅጽ የሚሞሉ ደግሞ መልሱን አስቀድመው በወርድ ጽፈው ቢያስቀምጡና ወደ ቅጹ ቢገለብጡ፣ ብሮውዘሩ ቢዘጋ እንኳ የሚጠፋው የገለበጡት እንጂ የደከሙበት አይሆንም። እህቴ በመጨረሻው ቀን ማታ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ማስረጃዎቿን አንድ በአንድ አስገባች፣ ብሮውዘሩ አልተዘጋም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የመቀበያ ቁጥሩ መጣላት። ታናሽ ወንድማችን ፊልሞቹ ከዴስክቶፕ ላይ ወዴት እንደሄዱ አሁንም ይጠይቃል፤ ዲ ውስጥ ናቸው።